ስምንት ወር ከሉፕ አንቴና ጋር፦ አራት ኪሎ፣ አራተኛ ፎቅ

ነገሩ የገባኝ መብራት የጠፋ ለታ ነው። መስከረም ላይ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ። ሬዲዮዬ በባትሪ ይሠራል። ሰፈሩ ድርግም ሲል ሬዲዮው ውስጥ ያለው ሽሽታውም (ረብሻው) አብሮ ድርግም አለ። የኤስ ሜትሩ (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያው) ቀስት ከ7 ወደ 2 ወረደ። ባዶ ነው ብዬ የተውኩት የአጭር ሞገድ መስመር፣ 7 ሜጋኸርዝ፣ ሰው በሰው ሆነ። ሞርስ የሚመታው፣ ጣልያንኛ የሚያወራው፣ የሚስቀው። ለካ ረብሻው የሚመጣው ከሰፈሩ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ነው። ከ20 ደቂቃ በኋላ መብራት መጣ። ጎረቤቶቼ "እሰይ!" አሉ። እኔ ብቻዬን ተናደድኩ።

ያኔ የነበረኝ አንቴና ጣሪያ ላይ የወጠርኩት ዳይፖል፣ መሃሉ ላይ ገመድ የሚገናኝበት ቀጥ ያለ ሽቦ ነው። ሉፑን፣ ማለትም የቀለበት አንቴናውን፣ ያዘዝኩት በዚያው ሳምንት ነው። ዱባይ ያለው የአክስቴ ልጅ ገዝቶ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ፤ 45 ዶላር ገደማ ነው ያወጣው። የአምራቹን ስም አልጽፍም። አንዱ ዕቃ በብዙ ስም ይሸጣል፣ ደግሞም ከታች የማማርርባቸው ነገሮች አሉ።

አስቀድሜ ልናገር፣ እኔ አድማጭ ብቻ ነኝ። ማስተላለፊያ የለኝም፣ ለማስተላለፍ ፈቃድና የጥሪ ምልክት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ (በሬዲዮ መነጋገርን እንደ ትርፍ ጊዜ ሥራ የያዙ ሰዎች) ማህበር የክለብ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ነው። ከቤቴ በእግር ይደረሳል። አንድ ቀን እዚያ ማይክ ፊት መቀመጤ አይቀርም። እስከዚያው ጆሮ ነኝ።

ስለ ሉፑ ከማውራቴ በፊት ስለ ዳይፖሉ ትንሽ ልበል፣ ጀማሪ መጀመር ያለበት ከእሱ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። 300ን ለሜጋኸርዙ ስታካፍሉ የሞገዱ ርዝመት በሜትር ይመጣል። ለ14.1 ሜጋኸርዝ 21 ሜትር ከትንሽ ነው። ዳይፖል የዚያ ግማሽ ነው፤ ግን ሽቦ ላይ ትንሽ ስለሚያጥር ሰዎች 143ን ለሜጋኸርዙ ያካፍላሉ። 10 ሜትር ከ14 ሳንቲም ወጣልኝ። መሃሉን ቆርጣችሁ ሁለት ክንድ ታደርጉታላችሁ፣ እያንዳንዱ 5 ሜትር ከ7። ከመሃል ገመድ ይወርዳል። አለቀ። ሄርትዝ በ1880ዎቹ መጨረሻ ሞገዱን ሲያስነሳ የተጠቀመው የዚሁ ዘመድ ነው፤ የተቀበለው ደግሞ በሽቦ ቀለበት። ዳይፖልና ሉፕ መነሻቸው አንድ ላብራቶሪ ነው።

ለገመድ የዲሽ ኬብል ተጠቀምኩ። አዲስ አበባ ላይ ከዳቦ ቀጥሎ የማይጠፋ ነገር ነው። ኢምፔዳንሱ (ለሲግናሉ ያለው መቋቋም) 75 ኦም ነው፣ የአማተር ሬዲዮዎች ደግሞ 50 ኦም ይፈልጋሉ። ለመስማት ብቻ ከሆነ ልዩነቱ እንቅልፍ አያሳጣም። ለነገሩ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ዳይፖል ራሱ ወደ 73 ኦም ነው የሚጠጋው።

የኔ ግን ከፍ ብሎ አልተሰቀለም። ስህተቴ እዚህ ጋ ነው። በሁለት ፌሮ ከጣሪያው ቆርቆሮ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ከፍ አደረግኩት። ቆርቆሮ ለሬዲዮ ሞገድ መስታወት ነው። ሽቦው የራሱን ጥላ ሆዱ ስር ይዞ ተኛ ማለት ነው። ለ14 ሜጋኸርዝ ቢያንስ አምስት፣ ቢቻል አሥር ሜትር ከፍታ ይፈልግ ነበር። ከዚያም በላይ፣ ጥሩ ከፍታ ላይ ያለ ዳይፖል በሁለቱ ጎኖቹ ይሰማል፣ በጫፎቹ አቅጣጫ ይደነቁራል። ዝቅ ካለ ግን አቅጣጫ የሚባል ነገር ይጠፋና ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። አውሮፓን አስቤ ነበር የወጠርኩት። ያገኘሁት የራሴን ሕንፃ ቻርጀሮች ረብሻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ ስወጣ ሁለት ጋቢና አንድ ብርድ ልብስ ተሰጥቶበት አገኘሁ። "እትዬ፣ ይሄ እኮ አንቴና ነው" ስላቸው፣ "ታዲያ አንቴና ጋቢ ይፈራል?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወደ ሉፑ። ዕቃው 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የብረት ቀለበት ነው። እግሩ ስር ማጉያ ያለባት ሣጥን አለች። ከሷ ቀጭን የ10 ሜትር ገመድ ይወጣና ቤት ውስጥ ካለች ሌላ ሣጥን ይገናኛል። ይህችኛዋ 5 ቮልት ከዩኤስቢ ወስዳ በዚያው ገመድ ወደ ላይ ትልካለች። በረንዳዬ ላይ በፕላስቲክ የኤሌክትሪክ ቱቦ አቆምኩት። ጣሪያ አያስፈልግም፣ ጥበቃውን ቁልፍ መለመን የለም።

የቀለበቱ ዙሪያ ሁለት ሜትር አይሞላም። በ7 ሜጋኸርዝ ሞገዱ 42 ሜትር ነው። ከሃያ አንድ እጁ እንኳን አይደርስም ማለት ነው። ይሄን የሚያክል ትንሽ ነገር የሚይዘው ሲግናል ከዳይፖሉ በጣም ያንሳል። የመጀመሪያው ቀን ቀስቱን አይቼ "ተበላሁ" ብዬ ነበር። በዳይፖሉ 7 የሚያሳየው ጣቢያ በሉፑ 4 ላይ ቆመ። ጆሮዬን ሳስጠጋ ግን ሰውየው ጥርት ብሎ ያወራል። ምክንያቱም በዳይፖሉ ሽሽታው 6 ነበር፣ በሉፑ ወደ 1 ወርዷል። ሰባት ከስድስት ጋር ሲታገልና አራት ከአንድ ጋር ሲታገል አንድ አይደለም። ቀስቱን ማየት ያቆምኩት የዚያን ቀን ነው።

ይሄ ሁሉ የሚመጣው ከማዞሩ ነው። ልጅ ሆኜ ጣሪያ ላይ ወጥቼ የቴሌቪዥን አንቴና ያዞርኩት ስንት ጊዜ ነው። ከታች "ጠራ! ኧረ አትነካው! አይ፣ ጠፋ!" ይባላል። ያ ባለ ብዙ ዘንግ አንቴና ያጊ ነው፣ በ1920ዎቹ ያጊና ኡዳ የተባሉ ጃፓኖች ያወጡት። አንዱ ዘንግ ገመዱን ይይዛል፣ ከኋላው ያለው ረዘም ብሎ ይመልሳል፣ ከፊት ያሉት አጠር አጠር ብለው ይመራሉ። ያኔ የምናዞረው ምስል ፍለጋ ነበር። ሉፑን የማዞረው ግን ረብሻውን ለመጣል ነው። ቀለበቱ በጎኑ አቅጣጫ ደህና ይሰማል፤ ዓይኑ ፊት ለፊት ያየውን ግን አይሰማም። የቀለበቱን ዓይን ወደ አሳንሰሩ ክፍል ሳዞረው ያ የሚያንቋርር ድምፅ ቁልቁል ወረደ። ከአዮኖስፌር (የአጭር ሞገድን ወደ ምድር ከሚመልሰው የላይኛው አየር) ተንጸባርቆ ከላይ የሚመጣው ጣቢያ ግን ብዙ አልተጎዳም። ሻጮቹ "ሉፕ መግነጢሳዊውን ክፍል ብቻ ስለሚይዝ ረብሻ አይገባውም" ይላሉ። እኔ ቤት ልዩነቱን ያመጡት ማዞሩና ከግድግዳው ማራቁ ናቸው። ክፍሉ ውስጥ ሳደርገው ከዳይፖሉ አይሻልም ነበር።

አሁን ምሬቱ። አንደኛ፣ ከሣጥኑ ጋር የመጣውን የዩኤስቢ ገመድ ስልክ ቻርጀር ላይ ሰካሁት። ያመለጥኩትን ረብሻ በራሴ እጅ አስገባሁት። ፓወር ባንክ ሞከርኩ። እሱ ደግሞ ማጉያው የሚወስደው ኤሌክትሪክ ትንሽ ስለሆነ የተሰካበት ነገር ያለ አይመስለውም፣ ራሱን ያጠፋል። መፍትሔው አስቂኝ ነው፤ በሌላኛው ቀዳዳ ትንሽ የዩኤስቢ መብራት ሰካሁ። አሁን በብርሃን አዳምጣለሁ።

ሁለተኛ፣ ረብሻ በገመዱ ውጫዊ ሽፋን ተሳፍሮ ይመጣል። ኮምፒውተር ገመድ ላይ የምታዩዋት ጥቁር እብጠት ፌራይት ትባላለች። ከሞተ ሞኒተር ላይ ሁለት ፈትቼ በሁለቱም የገመዱ ጫፎች አስገባሁ። ልዩነቱ ይሰማል። ይሄ ነገር ከዕቃው ጋር አለመምጣቱ ያሳፍራል።

ሦስተኛው የከፋው ነው። ሣጥኗ "ውሃ አያስገባም" ተብላ ነው የተሸጠች። የመጋቢት ዝናብ ገባባት። አንድ ጠዋት ሬዲዮው ዝም። ስከፍታት ውስጧ ጠል ይዞ፣ አንዷ የገመድ ብየዳ አረንጓዴ ሆናለች። አድርቄ እንደገና በየድኩና በናስትሮ ጠቀለልኩ። ለሻጩ ጻፍኩ። የመጣልኝ መልስ የአምስት ኮከብ ግምገማ ስጠን የሚል ነው።

ማጉያዋም ከባድ ሲግናል አትወድም። ከተማው ውስጥ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ጠንክሮ ሲገባ በማይገባው ቦታ ሁሉ ጥላው ይታያል። ማጉላቱን የሚቆጣጠረውን ቁልፍ መቀነስ ነው፣ እስከ መጨረሻ አታዙሩት።

ሁለቱን አንቴናዎች ለማወዳደር የምጠቀምበት ሌላ መንገድ ኤፍቲ8 ነው። በ2017 የወጣ፣ በኖቤል ተሸላሚው ጆ ቴይለርና በስቲቭ ፍራንኬ የተሠራ ዲጂታል ዘዴ ነው። ላፕቶፑ በየ15 ሴኮንዱ የሰማቸውን የጥሪ ምልክቶች ይደረድራል፣ ጆሮ የማይሰማውን ጨምሮ። በ14.074 ሜጋኸርዝ ላይ ከሰዓት በኋላ አስቀምጬው ቡና አፈላለሁ። በመብራት ሰዓት የሉፑ ዝርዝር ሁሌም ይረዝማል። መብራት ሲጠፋ ዳይፖሉ ይቀድማል። ሁለቱን የምታወዳድሩ ከሆነ መብራት መኖሩን አብራችሁ ጻፉ፣ አለበለዚያ ትሳሳታላችሁ።

ማን ይግዛ? ኮንዶሚኒየም ወይም ፎቅ ላይ ያለ፣ በረንዳ ያለው፣ መስማት የሚፈልግ ሰው። ግቢና ዛፍ ያለው ሰው ገንዘቡን አያባክን፤ 20 ሜትር ሽቦ ከቤቱ አርቆ ይወጥር። ማስተላለፍ የሚያስብም አይግዛ። ሰዎች "ጥሩ የሚሰማ አንቴና ጥሩ ያስተላልፋል" ይላሉ። ማጉያ ለሌለው ብዙ ጊዜ እውነት ነው። በዚህኛው ግን ማስተላለፊያ ብታገናኙ ማጉያዋ ወዲያው ትቃጠላለች። ማጉያውን ብታወጡት እንኳን ይህን የሚያክል ቀጭን ቀለበት የተሰጠውን ኃይል አብዛኛውን ሙቀት አድርጎ ያስቀረዋል። ለመስማት ንጽህና፣ ለመናገር ደግሞ ብቃት ነው የሚፈለገው።

ቀጥ ያለ ዘንግስ ለሚል፣ እሱ የሞገዱ ሩብ ነው። ለኤፍኤም 97.1 ሰባ ሰባት ሳንቲ ሜትር ነው፣ የመኪና ላይ አንቴና በሉት። ለ14 ሜጋኸርዝ አምስት ሜትር ይሆንና ስሩ የሚዘረጋ ሽቦ ይፈልጋል። ከተማ መሃል ረብሻ ስለሚሰበስብ አልሞከርኩትም።

ዳይፖሉን አላወረድኩትም። ሁለቱንም ነጎድጓድ ሲሰማ ከሬዲዮው እነቅላቸዋለሁ፣ ይሄን የሚረሳ ሰው ሬዲዮውን ይረሳል። ሰኔ ሳይገባ ሣጥኗን ዙሪያዋን ሲሊኮን መቀባት አለብኝ። ፌሮዎቹንም በረዥም ቱቦ ልቀይር እያሰብኩ ነው፣ እትዬ የማይደርሱበት ድረስ።