ከከተማ ዳር ባዶ መሬት ላይ፦ በማኅበር መሥራት ወይስ ከሪል ስቴት መግዛት?

ዘንድሮ ብቻ ሦስት ዘመዶቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው መጡ። የቤት ሥራ ማኅበር ገብተን ባዶ መሬት ላይ እንሥራ ወይስ ሪል ስቴት ገና በወረቀት ከሚሸጠው እንግዛ? ያሰቡት ቤት ተመሳሳይ ነው፤ በኮዬና በቱሉ ዲምቱ በኩል ወይም ከአያት ወዲያ፣ ግድግዳ የሚጋራ ጂ ፕላስ 2፣ ካልሆነም ሊፍት የሌለው ጂ ፕላስ 4። እኔ በማኅበር ሠርቻለሁ፣ እህቴ ከሪል ስቴት ገዝታለች። የሁለታችንን ጎን ለጎን አስቀምጬ ልንገራችሁ።

ከአፈሩ ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነውና። በአቃቂ፣ በገላን፣ በኮዬና በቱሉ ዲምቱ ሜዳ የሚበዛው ጥቁር አፈር፣ ገበሬው ዋልካ የሚለው፣ ለጤፍ የተባረከ ነው፤ ለቤት ግን አስቸጋሪ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። የማኅበራችንን ቦታ በየካቲት ያየን ቀን ክንዴ እስከ ክርኔ የሚገባበት ስንጥቅ ነበረው። የአፈር ምርመራ ስናሠራ ጥቁሩ ተዝቆ ወጥቶ፣ በሰሌክት ማቴሪያል (በማያብጥ የተመረጠ አፈር) ተሞልቶ፣ በሮለር በድርብርብ ካልተጠቀጠቀ መሠረት እንዳንጥል ተነገረን። ለመሠረት የያዝነው ገንዘብ በቁፋሮና በገልባጭ መኪና አለቀ። አንድ አባታችን በስብሰባ ተነስተው «ጎረቤቶቻችን እኮ ዝም ብለው ሠርተዋል» ብለው ተቆጡ። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ የእነዚያው ጎረቤቶች አጥር ለሁለት ተሰንጥቆ ወደ መንገዱ አዘመመ።

እህቴ ዘንድ ይህን የወሰነው ሻጩ ነው። የአፈር ምርመራውን ውጤት ብትጠይቅ የሰጧት ባለ ቀለም ሥዕል ብቻ ነበር። ሕንፃው ራሱ ደህና ቆሟል፤ የመግቢያው ደረጃ ግን ጥቁር አፈሩ ሳይነሳ የተሠራ ስለነበር በሁለተኛው ዓመት ከሕንፃው የአንድ ጣት ያህል ተላቀቀ። በማኅበር ስትሠሩ ጉድጓዱ ሳይሞላ ገብታችሁ ታያላችሁ፤ በእኔ ግምት የማኅበር ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

ወደ መሠረተ ልማቱ ስንመጣ ሪል ስቴቱ ይበልጣል። እህቴ ስትገባ ኮብልስቶኑ ተነጥፏል፣ የጎርፍ ቦዩ ተሠርቷል፣ መብራት አለ። እኛ ቤቱን ጨርሰን ለትራንስፎርመርና ለምሰሶ እንደገና አዋጣን፤ እስከዚያው ውሃ በቦቴ እየገዛን በሮቶ አጠራቀምን። ማኅበር የምትገቡ ከሆነ የመንገዱን፣ የፍሳሹንና የመብራቱን ወጪ ከመጀመሪያው ቀን በበጀቱ ውስጥ አስገቡ። ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶች ላይ ደግሞ የላይኛው ቤት ጎርፍ በታችኛው ደጃፍ ስለሚያልፍ ቦዩ የጋራ ካልሆነ ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በ2014 በአዲስ አበባ ለተደራጁት ማኅበራት የግንባታውን ወጪ 70 በመቶ በዝግ ሂሳብ ማስቀመጥ ግዴታ ነበር። ደመወዝተኛ ይህን በአንዴ ማግኘት ይከብደዋል። ሪል ስቴቱ በየደረጃው ይቀበላል፤ ሆኖም ውሉ ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ የሚል አንቀጽ ካለ ደጋግማችሁ አንብቡት። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ የመብራት ገመዱ፣ አሉሚኒየሙ፣ የመታጠቢያ ዕቃው ሁሉ ከውጭ የሚገባ ነው። የካሬውንም ነገር ጠይቁ። የእህቴ ውል የሚለው ካሬ የደረጃውንና የኮሪደሩን ድርሻ የደመረ ሆኖ ተገኘ፤ ክፍሎቹን በሜትር ስንለካ ሳሎኑ ካሰበችው አነሰ።

ወረቀቱ ላይ ሁለቱም አደጋ አላቸው። መሬት በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም፤ የሚያዘው በአዋጅ 721/2004 መሠረት በሊዝ ነው፣ ለመኖሪያ ቤት እስከ 99 ዓመት። በማኅበር ካርታው መጀመሪያ በማኅበሩ ስም ይወጣል፤ ሽንሻኖው (መሬቱ ለየአባሉ መከፋፈሉ) ጸድቆ የየግል ካርታ እስኪወጣ መታገስ አለ። ከሪል ስቴት የሚገዛ ሰው መሬቱ ለባንክ በመያዣ ተይዞ እንደሆነ፣ እዳና እገዳ እንዳለበት ሳያጣራ አንድ ብር አይክፈል። ጂ ፕላስ 4 ከሆነ አዋጅ 370/1995 ስለ ጋራ ሕንፃ የሚለውን አንብቡ፤ ጣሪያውና ደረጃው የሁሉም ነው፣ ጥገናውም። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ስለሆኑ የመሬቱ ፋይል ያለው አዲስ አበባ ሳይሆን እዚያ ነው።

ደላላ «የገበሬ ቦታ፣ ርካሽ» ካላችሁ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ። ሕጋዊ ካርታ በሌለው እንዲህ ያለ ቦታ የተሠራ ቤት ሲፈርስ ያየሁት ይበቃኛል።

ማኅበርን የምመክረው እርስ በርሱ ለሚተዋወቅ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ከአንድ እድር ለመጣ፣ ከመካከሉም በየቀኑ ሳይት የሚውል ሰው ላለው ቡድን ነው። ውጭ አገር ያለ ወይም ከሥራ መውጣት የማይችል ሰው ከሪል ስቴት ይግዛ፤ ግን መሠረቱ ወጥቶ ሶሌታው (የወለሉ ኮንክሪት) የተሞላ፣ ቀደም ባለው ብሎክ ደግሞ ሰው የሚኖርበት ይሁን። አቅም ከፈቀደ፣ ትልልቅ ወላጆች ካሉ ደግሞ የበለጠ፣ ከጂ ፕላስ 4 ይልቅ ጂ ፕላስ 2ን እመርጣለሁ፤ በርበሬ የሚሰጣበት፣ ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የሚጣልበት ትንሽ ደጅ አለው።

ለማየት ስትሄዱ ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ሂዱ። የሽያጭ ሠራተኛውን አመስግናችሁ ተሰናበቱና ሰው የሚኖርበትን አንድ በር አንኳኩ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ መብራቱ በራሳቸው ቆጣሪ እንደሆነ፣ ካርታው እጃቸው ገብቶ እንደሆነ ጠይቋቸው።