ልጆቼን ዝናብ መለካት ላስተማረልኝ ጡረተኛ ጋሼ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ድሬዳዋ ላይ 7ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው፤ በዚያውም ድሬና ሐረማያ አካባቢ ያላችሁ መምህራን እንድትጠሩት ልጠቁማችሁ። ስሙን አልጠቅስም፣ "ስሜ ፌስቡክ ላይ ከወጣ ሁለተኛ አልመጣልሽም" ብሎኛል። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሜትሮሎጂ ጣቢያ ዝናብና ሙቀት ሲለካ ኖሮ ጡረታ የወጣ ጎረቤቴ ነው። አንቱ አለማለቴ የሚከብዳችሁ የሌላ አገር ሰዎች ካላችሁ ይቅርታ፤ ድሬ ላይ አባትም አንተ ነው።

ነገሩ የጀመረው ስለ አየር ንብረት ለውጥ የአምስት ክፍለ ጊዜ ትምህርት አዘጋጂ ስባል ነው። ጊዜ ስላልነበረኝ ያለቀለት ዕቅድ ከአንድ ሻጭ በ300 ብር ገዛሁ። መጀመሪያው ገጽ ላይ የዋልታ ድብ በረዶ ላይ ቆሟል። ጋሼ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ ሳለ አሳየሁት። መነጽሩን ዝቅ አደረገና "ልጆችሽ በረዶ የሚያውቁት ጁስ ቤት አይደል እንዴ?" አለኝ።

ሁለተኛው ገጽ ባሰ። ምድር የምትሞቀው ኦዞን የሚባለው ከላይ ያለው የጋዝ ሽፋን ስለተቀደደ ነው ይላል። ምን እዋሻለሁ፣ እኔም ለዓመታት እንደዚያው ነበር የማስተምረው። ጋሼ ሳያሳፍረኝ አስረዳኝ። ኦዞን የሚከላከልልን ቆዳና ዓይን ከሚጎዳው የፀሐይ ጨረር ነው፤ እሱን የሚያሳሱት ጋዞች እንዲቀሩ አገሮች በ1987 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል ላይ ተስማምተዋል። ምድርን የሚያሞቃት ግን ሌላ ነው፦ ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከደን ምንጣሮ የሚመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በዚያ ላይ ሚቴን የሚባለው ጋዝ። "ደንገጎ ደጋው ላይ ወጥተሽ ጋቢ ስትደርቢ ጋቢው እሳት የለውም። ያንቺኑ ሙቀት ነው እንዳይወጣ የሚይዘው" አለኝ። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 280 ያህል ነበር፣ ዛሬ ከ420 አልፏል። ክፍል ውስጥ አንዱ ልጅ "ይቺ ምን ታደርጋለች?" ቢለው፣ "ሚጥሚጣስ ስንት ማንኪያ ነው የሚጨመረው?" ብሎ ዝም አሰኘው።

ዕቅዱን ቀደድነውና ከእሱ ጋር ሁለት ምሽት ቁጭ ብለን አዲስ ሠራን። የመጀመሪያው ቀን ስለ ቃሉ ብቻ ነበር፣ ምክንያቱም ልጆቹ "የአየር ንብረት የማን ንብረት ነው?" እያሉ ይሳሳቃሉ። ጋሼ ቃሉን ከ"ነበረ" አመጣላቸው፤ አየሩ እንዴት ሆኖ እንደሚኖር ማለት ነው፣ ቤትና ከብት አይደለም።

ሁለተኛው ቀን ዝናብ መለኪያ ሠራን። ጎኑ ቀጥ ያለ ሃይላንድ መረጥን፣ አንገቱን ቆርጠን አፉን ወደ ታች ገልብጠን እዚያው ላይ ሰካነው። የጠርሙሱ ቂጥ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ጨምረን፣ ጎኑ ቀጥ ከሚልበት ድረስ ውሃ ሞልተን እዚያ ላይ ዜሮ ብለን አሰመርን፤ ከዚያ ማስመሪያ በፕላስተር ለጠፍን። እኔ ብሆን ይህን የዜሮ ነገር በፍጹም አላስበውም ነበር። ቦታውንም ጋሼ ራሱ ዞሮ መረጠ፣ ከዛፍና ከጣሪያ ጠርዝ የራቀ። ንባቡ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ ባይዘንብም ዜሮ ተብሎ ይጻፋል። "ያልዘነበበትን ቀን ያልጻፈ ሰው የዘነበበትንም አልለካም" እያለ ተቆጣጠራቸው።

በአራተኛው ሌሊት ዘነበ። 12 ሚሊ ሜትር! አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። የክፍላችን ጣሪያ 60 ካሬ ነው፣ ስለዚህ 720 ሊትር፣ በባለ 20 ሊትሩ 36 ጀሪካን። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንዷ "ቲቸር፣ 36 ጀሪካን ዝም ብሎ ፈሰሰ?" አለች። ውሃ በተራ የሚጠብቅ ቤት ልጅ ናት።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የአየር ንብረት የሚታወቀው በአንድ ዓመት ሳይሆን በ30 ዓመት አማካይ ስለመሆኑ ነበር። ልጆቹ ዘንድሮ ሞቀ፣ አምና ዘነበ እያሉ ሲከራከሩ "አንድ ቀን ያረፈደን ልጅ ሰነፍ ትሉታላችሁ?" አላቸው። ሰዓቱን ግን ያለ ቅጥ አሳለፈው፤ የሒሳብ መምህሩ በር ላይ ቆሞ ነበር፣ በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ።

ለእኔ ትልቁ አራተኛው ነው። "ሐረማያ ሐይቅ ለምን ደረቀ?" ሲላቸው ሁሉም በአንድ ድምፅ "በአየር ንብረት ለውጥ!" አሉ። ጋሼ ራሱን ነቀነቀና ሰሌዳው ላይ ጻፈ፦ ሐረር ከተማ ከሐይቁ ትጠጣ ነበር፤ ዙሪያው ያለው ጫትና አትክልት በፓምፕ ይጠጣ ነበር፤ ተራራው ተራቁቶ አፈሩ ሐይቁን ሞላው፤ ሙቀቱና የዝናቡ መዛባት በዚያ ላይ ተደረበ። በ1990ዎቹ ደረቀና ለሐረር ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ሽቅብ መግፋት ግድ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ውሃው ተመልሶ መታየቱንም አልደበቃቸውም። ከዚያ ለየቡድኑ አሥር አሥር ኦቾሎኒ ሰጠና "ጥፋቱን ለአራቱ አካፍሉ፣ ለምን እንደሆነም ተናገሩ" አለ። እንደዚያ ያለ ክርክር ክፍሌ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ሁለቱ ቡድን ኦቾሎኒውን ሳያካፍሉ በልተውታል።

አምስተኛው ቀን ድሬን አቋርጦ ስለሚያልፈው ስለ ደቻቱ ወንዝ ነበር። በ1998 ክረምት በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ልጆቼ አልተወለዱም፣ ግን የማያውቅ ቤት የለም። ውሃው ከላይ ከደጋው ስለሚመጣ እዚህ ጠብ ሳይል ደቻቱ ሊሞላ እንደሚችል ካርታ ላይ አሳያቸው። የሞቀ አየር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት ስለሚይዝ ከባድ ዝናብ እንደሚበረታም ነገራቸው። ያ ጎርፍ በዚህ ምክንያት መጣ ግን አላለም፤ የተራቆተውን ዳገትና ወንዝ ዳር የተሠራውን ቤትም አብሮ ቆጠረ። ጋሼን የወደድኩት ለዚህ ነው፣ ልጅ ፊት ነው ብሎ አያጋንንም።

አሁን ጥቆማው። ከሦስተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል ይሠራል። ፓወር ፖይንት አይወድም፣ ጠመኔና ሃይላንድ ይበቃዋል። አዳራሽ ሙሉ ተማሪ አትስጡት፣ ግራ ጆሮው በደንብ አይሰማም፤ ከ50 በላይ ከሆኑ ክፍሉን ለሁለት ክፈሉለት። ሰዓት ማክበር ላይ ቀልድ አያውቅም፣ የራሱን ማስረዘም ግን አይቆጥረውም። ከእኔ የተቀበለው የባጃጅ ብቻ ነው፣ ያውም ተጣልተን። እናንተ ግን እባካችሁ የድካሙን ክፈሉት።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን ጠይቄ እሰጣለሁ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ብቻ አትደውሉ፤ ጣሪያው ላይ ያለውን የራሱን መለኪያ እያነበበ ስለሆነ አያነሳም።