ሎጎ ስታሠሩ ጄፔግ ብቻ ተቀብላችሁ እንዳትወጡ

ሐዋሳ ውስጥ ካፌ፣ ቡቲክ ወይም ጁስ ቤት ልትከፍቱ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ለሎጎ ቀብድ አትክፈሉ።

ታናሽ እህቴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ዲዛይን ቤት ሎጎና ቢዝነስ ካርድ በጥቅል አሠራች። ካርዱ አምሮ ወጣ። ሎጎውን በጄፔግ፣ ማለትም በተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት፣ በቴሌግራም ላኩላት፣ ቀሪውን ሂሳብ ከፈለች። ታፔላ ሠሪው ጋ ስትሄድ ግን «ይሄ ሲለጠጥ ይበላሻል፣ ቬክተሩን አምጪ» አላት። ተመልሳ ስትጠይቅ «ኦሪጅናል ፋይሉ ለብቻው ነው የሚከፈለው» አሏት። ለዚያውም ከመጀመሪያው ዋጋ የማይተናነስ። ስትዋዋል ስለዚህ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ደንበኛው ስለ ፋይል ዓይነት እንደማያውቅ ተማምነው ነው እንዲህ የሚያደርጉት። በጣም ያናድዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምስል ኮምፒውተር ላይ በሁለት መንገድ ይቀመጣል። አንደኛው በፒክስል ነው፤ እንደ ሰፌድ ስፌት ጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች ተደርድረው ምስሉን ይሠሩታል። ስልካችሁ የሚያነሳው ፎቶ ሁሉ እንዲህ ነው። የነጥቦቹ ቁጥር የተወሰነ ነው። 600 በ600 ፒክስል የሆነ ሎጎ በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም የሚሸፍነው 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለካርድ ይበቃል። ያንኑ ወደ 3 ሜትር ስትለጥጡት ግን እያንዳንዷ ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ጠርዙ ተቆራርጦ ይታያል። ለስቲከር መቁረጫ ማሽንማ ጭራሽ አይሆንም፤ ቢላዋው የሚከተለው መስመር ይፈልጋል።

ቬክተር የሚባለው ይህንን መስመር የያዘው ነው። የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ቀለሙ ምን እንደሆነ በሂሳብ ይመዘግባል። ስታሳድጉት እንደገና ስለሚሰላ ካርድም ላይ ሆነ ሕንፃ ላይ ጥራቱ ያው ነው። ኤስቪጂ የሚባለው የፋይል ዓይነት እና ኢለስትሬተር የሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ኤአይ (.ai) ፋይል እንዲህ ዓይነቶቹ ናቸው።

ጄፔግ ለፎቶ ነው የተሠራው። ፋይሉን ለማሳነስ ዝርዝር ይጥላል፣ እየከፈቱ አርትዖት ሠርተው ባስቀመጡት ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ጀርባው ባዶ መሆን ስለማይችል ባለቀለም ወረቀት ላይ ሎጎውን ነጭ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ፒኤንጂ የሚባለው ሌላ የምስል ፋይል ዓይነት ይህን ሳጥን ያስቀርላችኋል። ግን እሱም ፒክስል ነው፤ «ፒኤንጂ ሰጥተንሻል እኮ» ቢሏችሁ አትሸወዱ።

ሌላም ተንኮል አለ። ጄፔጉን ፒዲኤፍ ወይም ኤስቪጂ ውስጥ ከትተው «ይኸው ቬክተር» ይላሉ። እዚያው ፊታቸው ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው አጉሉት። ጠርዙ ጥርት ብሎ ከቀጠለ ደህና ነው። ነጥብ ነጥብ ካለ ሂሳብ አትጨርሱ።

ገና ስትዋዋሉ «ኤስቪጂና ፒኤንጂ ይጨምራል» የሚል በጽሑፍ ይኑራችሁ፣ ቢያንስ በቴሌግራም። የአማርኛ ጽሑፍ ካለበት ፊደሉን ወደ መስመር እንዲቀይሩት ንገሯቸው። አለዚያ የተጻፈበት ፎንት (የፊደል ቅርጽ) የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ስማችሁ በሌላ ፊደል ይወጣል። ሲልኩላችሁም እንደ ፎቶ ሳይሆን በፋይል መልክ ይሁን፤ ቴሌግራም ፎቶን ያሳንሳል።

ጄፔግ ብቻ ይዛችሁ የቀራችሁ፣ ሁለተኛ ክፍያ ለመክፈል አትቸኩሉ። ኢንክስኬፕ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ምስሉን አስገብታችሁ ትሬስ ቢትማፕ የሚለውን ስትጫኑ ወደ መስመር ይቀይረዋል። ሁለት ሦስት ቀለም ላለው ሎጎ ብዙ ጊዜ ይሠራል። የደበዘዘ ከሆነ ግን መስመሩ ይንሻፈፋል፤ ያኔ ምስሉን ከሥር አድርጎ በላዩ ላይ በክብ፣ በአራት ማዕዘንና በጽሑፍ እንደገና መሥራት ይሻላል። እህቴም ሎጎዋ አንድ ክብ፣ ሁለት ቅጠልና ስሟ ብቻ ስለነበር እንዲሁ አድርገን ለታፔላ ሠሪው ሰጠነው።