የቃር ሽሮፑ ጥሩ ነው፤ የሚበላሸው ሰዓቱ ላይ ነው

አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድና ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት ነጭ የቃር ሽሮፕ ቃጠሎን በደቂቃዎች ያበርዳል፤ ለፍጥነቱ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል። በባዶ ሆድ ከተጠጣ ግን ጨጓራ ቶሎ ስለሚያሳልፈው ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይዘልቅም። ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ ሲወሰድ እስከ 3 ሰዓት ሊያሳርፍ ይችላል።

ጠርሙሱ ሲቀመጥ መድኃኒቱ ይዘቅጣል። ሳይነቀነቅ ከተቀዳ የሚወጣው ውሃ መሳይ ቀጭን ፈሳሽ ነው፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ እንደ ኖራ የወፈረ። የወጥ ማንኪያ መለኪያ አይሆንም፤ አብሮ የሚመጣው ኩባያ በሚሊ ሊትር የተሰመረው ለዚህ ነው። ማግኒዥየሙ ሆድ ያላላል፣ አሉሚኒየሙ ያደርቃል፤ የተቀላቀሉትም እንዲቻቻሉ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ ባይነካው ይሻላል።

የኮሌስትሮል መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ጣጣው ከሮሱቫስታቲን ጋር ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ከተወሰዱ ወደ ደም የሚገባው ሮሱቫስታቲን በግማሽ ያህል ይወርዳል። ሰውየው አንድም ኪኒን ሳይዘል ኮሌስትሮሉ አልወርድ ይላል፣ ከዚያ መጠኑ ይጨመርለታል። ኪኒኑም ሽሮፑም አልጋው አጠገብ ከተቀመጡ ስህተቱ በየማታው ይደገማል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሮሱቫስታቲን ሰዓት ስለማይመርጥ ወደ ጠዋት ይዛወር። ኪኒኑ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከተዋጠ ሽሮፑ ከ3 ሰዓት በፊት አይከፈት። ሌላው የኮሌስትሮል ኪኒን አቶርቫስታቲንም ከሽሮፑ ጋር ሲወሰድ ደም ውስጥ ሲሦ ያህል ይቀንሳል፤ ኤልዲኤልን (መጥፎውን ኮሌስትሮል) የማውረድ ኃይሉ ግን አይነካም፣ ስለዚህ ያን ያህል አያስጨንቅም።

ቃሩ በየሳምንቱ የሚመላለስ ከሆነ ሽሮፑን እየደጋገሙ መጠጣት ብዙ አያዋጣም። የጨጓራ አሲድን የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም ከቁርስ 30 ደቂቃ በፊት፣ ሳይታኘክ ይዋጣል፤ ከስታቲኖች (እንደ ሮሱቫስታቲን ካሉ የኮሌስትሮል መድኃኒቶች) ጋርም ሰዓት ማራራቅ አያስፈልገውም። የልብ ሥር ማስፊያ ተደርጎለት የደም መርጋትን የሚከላከለውን ክሎፒዶግሬል የሚወስድ ሰው ግን ኦሜፕራዞል ያንን ስለሚያዳክምበት ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኝቶ ክላሪትሮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ሲታዘዝ ነው። ሲምቫስታቲን ከተባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት ጋር ፈጽሞ አይወሰድም፤ ጡንቻን እስከ ማፍረስ ይደርሳል። ምክንያቱ የማይታወቅ የጡንቻ ሕመም ወይም ጥቁር ሻይ የመሰለ ሽንት ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል።

ደረት አፍኖ ላብ የሚያጠምቅ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም ደግሞ ቃር ተብሎ ሽሮፕ አይቀዳለትም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።