የኬንያ የምርጫ ውጤት ፖርታል፦ ወረቀቱ ጠንካራ፣ ድምሩ ደካማ

የኬንያ የምርጫና የወሰን ኮሚሽን ነሐሴ 3 ቀን 2014 ዓ.ም. (ኦገስት 9 ቀን 2022) ለተካሄደው ጠቅላላ ምርጫ የውጤት ፖርታል (ድረ ገጽ) የተባለ አገልግሎት ለሕዝብ ከፍቶ ነበር። ኢንተርኔት ያለው ሰው ሁሉ፣ ሳይመዘገብና ሳይከፍል፣ የ46,229 ምርጫ ጣቢያዎችን የፕሬዚዳንት ውጤት ቅጽ አንድ በአንድ ከፍቶ ማየትና ማውረድ ይችል ነበር። ጋዜጠኛውም፣ የፓርቲ ወኪሉም፣ ናይሮቢ ካፌ ውስጥ የተቀመጠው ተማሪም የሚያዩት ያንኑ ወረቀት ነው። ቀጣዩ ምርጫ ኦገስት 10 ቀን 2027 ስለሚደረግ አገልግሎቱን አሁኑኑ በዝርዝር መመዘን ይገባል። (ይህና ከዚህ በኋላ የተጠቀሱት ዓመቶች ኬንያ በምትጠቀምበት አቆጣጠር ናቸው።)

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ፖርታሉ ቅጹን በማሳየት በኩል እጅግ ጥሩ ነው። ድምር ግን አይሰጥም፤ የፓርላማው ምርጫ ደግሞ ጭራሽ አልገባበትም።

ምስሉ ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ ፖርታሉን ማመንም መጠራጠርም አይቻልም። አንድ ኬንያዊ መራጭ በምርጫው ቀን ስድስት ወረቀት ይቀበላል፦ ለፕሬዚዳንት፣ ለካውንቲ (ክልላዊ አስተዳደር) ገዥ፣ ለሴናተር፣ ለብሔራዊ ምክር ቤት አባል፣ ለካውንቲው የሴት ተወካይና ለካውንቲው ምክር ቤት አባል። ወረቀቶቹም የሳጥኖቹ ክዳኖችም በቀለም ይለያሉ። ጣቢያው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተከፍቶ ከቀኑ 11 ሰዓት ይዘጋል፤ በዚያ ሰዓት ሰልፍ ላይ የነበረ ሁሉ ግን ድምፁን ሳይሰጥ አይመለስም። (ስዋሂሊ ተናጋሪውም ሰዓቱን እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር ለእሱም ጠዋቱ 12፣ ማታው 11 ነው።) በአንድ ጣቢያ የሚመዘገቡት ሰዎች ከ700 እንዳይበልጡ ተወስኗል። ቆጠራው በዚያው ሌሊት በዚያው ክፍል ተጀምሮ የሚያልቀው በዚህ ገደብ ምክንያት ነው።

መራጩ የሚጣራው በኮሚሽኑ የእጅ መሣሪያ ነው። መጀመሪያ የጣት አሻራ ይሞከራል፤ አሻራው እምቢ ካለ በመታወቂያ ቁጥሩ ይፈለጋል፤ መሣሪያው ራሱ ከተበላሸ በወረቀት የታተመው መዝገብ ይወጣል። ችግሩ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው። በ2022 በካካሜጋና በማኩዌኒ ካውንቲዎች አንዳንድ ጣቢያዎች መሣሪያዎቹ ፈጽሞ አልሠሩም፤ በወረቀት መዝገቡ መጠቀም እንዲፈቀድ እስኪወሰን ድረስ ሰው ቆሞ ጠበቀ። የመጠባበቂያ መዝገብ ጥቅሙ ወዲያው ሲከፈት ነው።

ድምፅ መስጠቱ ሲያበቃ መጀመሪያ የሚቆጠረው የፕሬዚዳንቱ ሳጥን ነው። የጣቢያው ኃላፊ ውጤቱን በቅጽ 34ኤ ላይ ይሞላል፣ የእጩ ወኪሎች ይፈርማሉ፣ ኃላፊው በመሣሪያው ካሜራ ቅጹን አንስቶ ይልካል። ምስሉ ለምርጫ ክልሉ የድምር ማዕከልና ናይሮቢ ቦማስ ለነበረው ብሔራዊ ማዕከል በአንድ ጊዜ ይደርሳል፣ ፖርታሉም ላይ ይወጣል። የቅጹ አንድ ቅጂ በጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል፣ ወኪሎችም ቅጂ ይወስዳሉ። የሥርዓቱ ጉልበት ያለው እዚህ ጋ ነው። በኮምፒውተር የተቀየረ ምስል በሩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀትና በየወኪሉ ኪስ ካለው ቅጂ ጋር ወዲያው ይጋጫል። (በር ላይ መለጠፉ ለኢትዮጵያ መራጭ አዲስ ነገር አይደለም፤ የእኛም ሕግ ያዝዘዋል። ኬንያ የጨመረችው ያንን በር ሞያሌ ተቀምጦም ሞምባሳ ተቀምጦም ማየት እንዲቻል ማድረጓን ነው።)

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ካውንቲ ይመረጣል፣ ቀጥሎ ምርጫ ክልል፣ ዋርድ (የምርጫ ክልሉ ንዑስ ክፍል)፣ የምርጫ ማዕከል፣ በመጨረሻ ጣቢያ። በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሦስት አራት ጣቢያ ሊኖር ስለሚችል ሰው የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ላይ ነው። ስሙን ሳይሆን የጣቢያውን መለያ ቁጥር ይከተሉ፤ በአንድ ማዕከል ውስጥ ያሉትን ጣቢያዎች የሚለዩት የመለያው የመጨረሻ ሁለት አሃዞች ናቸው። ውጭ አገር ያሉ መራጮችና የሕግ ታራሚዎች ከ47ቱ ካውንቲዎች ውጭ ለብቻቸው ተመድበዋል፤ ሁለቱም የሚመርጡት ፕሬዚዳንት ብቻ ነው።

ቅጹ ሲከፈት ዓይን መጀመሪያ ወደ እጩዎቹ ድምፅ ይሮጣል። መነበብ ያለበት ግን ከላይ ወደ ታች ነው። መለያ ቁጥሩ ከፈለጉት ጣቢያ ጋር መግጠሙን ይዩ። ከዚያ የአራቱን እጩዎች ድምፅ ራስዎ ደምሩና ቅጹ ላይ ከተጻፈው ዋጋ ያለው ድምፅ ድምር ጋር አስተያዩት። ዋጋ ያጣውን ድምፅ ሲጨምሩበት ከተመዘገበው መራጭ ብዛት መብለጥ የለበትም። ቀጥሎ የኃላፊውና የወኪሎቹ ፊርማ ይታያል፤ ወኪል አልፈርምም ካለ ምክንያቱ የሚጻፍበት ቦታ አለ፣ እሱን ሳያነቡ አይለፉ። በብዛት የሚያጋጥመው ጥፋት ተራ ነው፦ ሌሊቱን ሙሉ የሠራ ኃላፊ ድምሩን ያሳስታል፣ አንድ እጩ መስመር ላይ የሌላውን ቁጥር ጽፎ ይሰርዛል፣ ወረቀቱ ታጥፎ ወይም በደብዛዛ መብራት ይነሳል። ተሰርዞ የታረመ ቁጥር ብቻውን የማጭበርበር ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ የሚሆነው በሩ ላይ ያለው ወረቀት አንድ ነገር፣ ፖርታሉ ሌላ ነገር ሲል ነው።

ፍጥነቱን ማመስገን ይገባል። በማግስቱ ከ90 በመቶ በላይ የሆኑት ቅጾች ፖርታሉ ላይ ነበሩ። የሞባይል ኔትወርክ በማይደርስባቸው ቦታዎች የሳተላይት ሞደም ተመድቦ ነበር። ከ2017ቱ ጋር ስናነጻጽረው ልዩነቱ የትየለሌ ነው። ያኔ መሣሪያው ምስሉን ብቻ ሳይሆን በእጅ የተተየበ ቁጥርም ይልክ ነበር፤ ቴሌቪዥኖች ላይ የሚሮጠው ያ ቁጥር ነበር፣ ደጋፊ ቅጹ ግን አብሮት አልወጣም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሴፕቴምበር 1 ቀን 2017 ምርጫውን ሲሽር ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የውጤት አላላክ ነበር፤ ድጋሚው ምርጫ ኦክቶበር 26 ተደረገ። ስለዚህ በ2022 የተተየበው ቁጥር ቀረና ምስሉ ብቻ ተላከ።

ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፣ ግን ዋጋ አስከፈለ። ኮሚሽኑ ምስሎቹን ዘርግቶ በየጊዜው የሚታደስ ድምር ግን አልሰጠም። እያንዳንዱ የዜና ተቋም የራሱን ሠራተኞች አስቀምጦ ቅጽ እያወረደ መደመር ጀመረ። ከሁለቱ ዋና ተወዳዳሪዎች የሩቶ ደጋፊ ከሚበዛበት ከስምጥ ሸለቆ አንዱ፣ የኦዲንጋ ደጋፊ ከሚበዛበት ከኒያንዛ ሌላው ስለጀመረ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንዱ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሩቶ ይመራል፣ ሌላው ኦዲንጋ ይመራል ሲል ሕዝቡ ግራ ተጋባ። ሁለቱም አልዋሹም፤ የደመሩት የተለያየ ወረቀት ነው። ኮሚሽኑ ያጣራቸውን ቅጾች ቁጥር በሰንጠረዥ፣ ስንት ጣቢያ እንደገባና ስንት እንደቀረ ከጎኑ ጽፎ በየሰዓቱ ቢያወጣ ይህ ሁሉ ጭንቀት አይኖርም ነበር። ከፖርታሉ ጉድለቶች ሁሉ ትልቁ የምንለው ይህን ነው።

የድምር ነገር እንዲህ በጠበበ ውጤት ቀልድ አይደለም። ዊሊያም ሩቶ 7,176,141፣ ራይላ ኦዲንጋ 6,942,930 ድምፅ አገኙ፤ ልዩነቱ 233,211 ነው። አሸናፊ ለመሆን ግን መብለጥ ብቻ አይበቃም፦ ዋጋ ካለው ድምፅ ከግማሽ በላይ፣ እንዲሁም ቢያንስ በ24 ካውንቲዎች ሩብ ድምፅ ያስፈልጋል። ዋጋ ያለው ድምፅ 14,213,027 ስለነበር ሩቶ ግማሹን ያለፉት በ69,627 ገደማ ብቻ ነው። ዋጋ ያጡት 113,614 ወረቀቶች ከጠቅላላው ጋር ቢቆጠሩ ኖሮ ትርፉ ወደ 12,820 ይወርድ ነበር። ፍርድ ቤቱ ከ2013 ጀምሮ ዋጋ ያጣ ድምፅ ለመቶኛው አይቆጠርም ብሏል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ከፖርታሉ ደምሮ የተለየ መቶኛ ቢያገኝ ተጭበረበርን ሊል ይችላል።

ከሰባቱ ኮሚሽነሮች አራቱ ኦገስት 15 ውጤቱን አንቀበልም ብለው በማግስቱ ምክንያታቸውን ሲዘረዝሩ ካነሷቸው ነገሮች አንዱ መቶኛዎቹ ሲደመሩ 100.01 መምጣታቸው ነበር። ይህ የማጠጋጋት ውጤት ነው፦ 50.49፣ 48.85፣ 0.44 እና 0.23። ከ14 ሚሊዮን ድምፅ 0.01 በመቶ 1,421 ገደማ ይሆናል እንጂ እነሱ እንዳሉት 142 ሺህ አይደለም። ሰንጠረዡ ለሕዝብ ተዘርግቶ ቢሆን ኖሮ ማንም ሰው በስልኩ ካልኩሌተር በደቂቃ ያጣራው ነበር። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ቅጾቹ ከፖርታሉ ምስሎች ጋር ተመሳከሩ፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን ውጤቱ ጸና።

ወደ ፓርላማው ስንመጣ አገልግሎቱ የለም ማለት ይቻላል። ሕጉ በኤሌክትሮኒክ እንዲላክ ያዘዘው የፕሬዚዳንቱን ውጤት ነው፤ የ290ው ምርጫ ክልል እጩዎች ቁጥር የሚጻፍበት ቅጽ 35ኤ በር ላይ ቢለጠፍም ፖርታሉ ላይ አልወጣም። አደጋው የሚብሰው ደግሞ እዚህ ነው። የምክር ቤት ወንበር በአብላጫ ድምፅ ብቻ ስለሚያዝ፣ ጥቂት መቶ ድምፅ ወንበር ይቀይራል፤ የተሸነፈ እጩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት አቤት ለማለት ያለው ጊዜ 28 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በሁሉም ጣቢያ ወኪል ያልነበረው የግል ተወዳዳሪ በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሳይቀደድ ወይም ዝናብ ሳያበላሸው መድረስ አለበት። ትልልቆቹ ፓርቲዎች ይህን ይችሉታል፣ እሱ አይችልም። ካሜራውና መሣሪያው እዚያው ክፍል ውስጥ እያሉ ሁለተኛውን ወረቀት አለማንሳት ለምን እንደሆነ አሳማኝ ምክንያት አላገኘንም።

ለ2027 በፖርታሉ ለመጠቀም ያሰበ ሰው ሦስት ነገር ያዘጋጅ፦ የሚከታተላቸውን ጣቢያዎች መለያ ቁጥር ዝርዝር፣ ምስሎቹን የሚያስቀምጥበት ፋይል በምርጫ ክልል የተከፋፈለ፣ እንዲሁም በየጣቢያው ቆጠራው እንዳለቀ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት በስልክ የሚያነሳለት ሰው። ፎቶው ውስጥ የቅጹ አራቱም ጠርዞችና መለያ ቁጥሩ መግባት አለባቸው። ቅጽ 35ኤንም አብሮ ያንሳ።