የውሃ መዶሻ ጥገና፦ በእንጨት ወይስ በብየዳ?

እንግሊዝ አገር፣ ዴቨን ውስጥ ፊንች ፋውንድሪ የሚባል የብረት መቀጥቀጫ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1814 እስከ 1960 ማጭድ፣ አካፋና መጥረቢያ ሲያመርት ኖሯል። ዛሬ ሙዚየም ነው። መዶሻዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ግን አሁንም ውሃ ነው፤ ውሃው መንኮራኩር ያዞራል፣ መንኮራኩሩ ደግሞ መዶሻውን የሚያነሳውን ዘንግ።

እንዲህ ያለ ማሽን ሲያረጅ ምን ይደረግ? እንደ ድሮው በእንጨት መጠገን ይቻላል። በአዲስ ብረትና በብየዳ መተካትም ይቻላል።

ብየዳው ቶሎ ያልቃል። ኩሽኔታ ከገባለት መንኮራኩሩ ቀለል ብሎ ይዞራል። አይበሰብስም፤ ለዝገቱ ቀለም መቀባት ነው።

እንጨት ግን ጣጣው ብዙ ነው። መንኮራኩሩ ቆሞ ከከረመ ውሃ ውስጥ ያለው ጎኑ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል። ሲነሳ ሚዛኑን ስቶ ይንገጫገጫል። ሙያውን የሚያውቅ አናጢም እንደ ልብ አይገኝም።

መዶሻው ጋ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል። በዘንጉ ዙሪያ ያሉት ጥርሶች የእጀታውን ጭራ ወደ ታች ይጫኑታል። ጭንቅላቱ ብድግ ይላል። ጥርሱ ሲያልፍ መስፉ ላይ ዷ! ይህ ቀኑን ሙሉ ሲደጋገም አስቡት። የእንጨት እጀታ ንዝረቱን ዋጥ ያደርገዋል። የብረት እጀታ ግን ወደ ማቀፊያው ያሳልፈዋል፤ ብየዳ ደግሞ እንዲህ ያለ ድብደባ አይወድም፣ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። በእንጨት ሽብልቅ የተያዘ ክፍል ሲላላ ሽብልቁን መታ መታ ማድረግ ይበቃል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ መንኮራኩሩ የብረት ቢሆን ብዙም አልከራከርም። እጀታው ላይ ግን ድርድር የለም፤ እንጨት ነው። ቢሰበር እንኳ የሚቀየረው እሱ ብቻ ነው።