ፔዳ ጋ ያለችው ጠባቧ የኮምፒውተር ጥገና ቤት

ሰላም ባህር ዳሮች፣ ስሟን አልጠራም ማስታወቂያ እንዳይመስል፣ ፔዳ አካባቢ የምትውሉ ታውቋታላችሁ። ዊንዶው ላስጭን ገብቼ ሶስት ሰዓት ተቀምጬ ወጣሁ ግን አልቆጨኝም።

ላፕቶፔ በፈረንጆች የ2014 ነው፣ ራሙ 4 ጂቢ። የዊንዶውስ 10 ነጻ አፕዴት በኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ላይ ስለቆመ ዊንዶውስ 11 ጫንልኝ አልኩት። ልጁ ከፍቶ አየት አረገና "ወንድሜ ይሄ 11 የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ የለውም፣ ፕሮሰሰሩም አሮጌ ነው፣ በዘዴ ልጭነው እችላለሁ ግን ነገ አፕዴት እምቢ ሲልህ እኔን እንዳትረግመኝ" አለኝ። እንዲህ የሚል ስንት አለ? አምና አንዱ ጋ ሳይጠይቀኝ ዲ ድራይቩን ጭምር ፎርማት አርጎ የእህቴን የሰርግ ፎቶ አጥፍቶብኛል። ይሄኛው ግን ፎልደሩን አንድ በአንድ እየከፈተ "ይሄስ ይፈለጋል?" እያለ ነው ባክአፕ የሚያረገው።

ፋይሉ እስኪገለበጥ ጥግ ላይ ያለውን ዴስክቶፕ ሳይ ዊንዶውስ ኤክስፒ! በፈረንጆች 2001 የወጣ፣ ድጋፉ 2014 የቆመ፣ እዚህ ግን ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ማመልከቻ ይጻፍበታል፣ ኢንተርኔት አያስነኩትም። ባለቤቱ ጋሼ ከዊንዶውስ በፊት በነበረው በዶስ ጥቁር ስክሪን ላይ ትዛዝ እየጻፉ ነው የተማሩት፣ "ዊንዶውስ 95 መጥቶ ስታርት የምትለዋን ስንነካ አለቀ፣ ሁሉም ባለሙያ ሆነ" ብለው ሳቁ። አማርኛ ፎንት ኒያላ ከነኪቦርዱ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣልን ከኤክስፒ ቀጥሎ በወጣው በቪስታ ነው፣ ሰው ቪስታን ሲሰድብ እኔ ለሱ ስል ዝም እላለሁ። የኤክስፒው ስክሪን ላይ ያለው የአረንጓዴ ኮረብታ ፎቶም ካሊፎርኒያ የተነሳ ነው ይባላል እንጂ ለኔ የመስከረም ጎጃም ነው።

መጨረሻ ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባል ሲስተም ጫነልኝ። ሊኑስ ቶርቫልድስ ተማሪ እያለ በፈረንጆች 1991 የጀመረው ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ላይ የቆመ ነው፣ ፍቃድ አይከፈልበትም ክራክም አይፈልግም። ፋኑን በቀለም ብሩሽ ሲጠርገው የወጣው አቧራ አሳፈረኝ። መጫኑ ብዙም አልቆየም፣ የቆየው መብራቱ ነው። አሁን ቶሎ ይነሳል፣ በአማርኛም እየጻፍኩበት ነው፣ በዎርድ የሰራሁት ሪፖርት ግን በዎርድ ፋንታ የምጠቀምበት ሊብሬኦፊስ ላይ ቴብሉ ተበታትኖ አንድ ማታ ሙሉ አስለቅሶኛል።

ሂሳብ 400 ብር። ደረሰኝ የለም፣ መቀመጫውም አንድ ዱካ ብቻ። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በተማሪ ይሞላል፣ ቻርጀራችሁንም አትርሱ እነሱ ጋ ያለችው አንድ ናት እሷም በፕላስተር ተጠቅልላ ነው የምትሰራው።